የፍልሰታ ብቸኛ ቀማሽ

፩

ምንም።

ትርሲት ብርጭቆውን አወዛወዘች፤ አፍንጫዋን እስከ አረፋው አስጠግታ ሳበች። ዛሬም ምንም።

፪

የቅምሻ ቅጽ፦ የአዲስ ዓመት ልዩ ቢራዎች

ቢራ አንድ፣ የማር።
ሽታ፦ የአደይ ማር፣ ትኩስ ዳቦ።

ውሸት ነው። ካምናው ቅጽ ላይ ነው የገለበጠችው።

፫

መቼም ጀምሬዋለሁና ልንገራችሁ። ትርሲት ደብረ ብርሃን ዳር ያለ የአንድ ትንሽ ቢራ መጥመቂያ ቀማሽ ናት፤ ሥራውን ከያዘች ስድስት ዓመቷ። እሷ ሳትፈርም ቢራ አይታሸግም። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ጉንፋን ያዛት። ጉንፋኑ ሄደ፤ ማሽተቷንም ይዞት ሄደ። ምላሷ ጣፋጩን፣ መራራውንና ጎምዛዛውን ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የማይሸታትን ቀማሽ ማን ሥራ ላይ ያቆያታል? ፈራች፣ በቃ።

፬

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠማቂው ጋሽ ደምሰውም ይቀምስ ነበር፤ እሷም ፊቱን አይታ ቅጹን ትሞላ ነበር። አሁን ግን ፍልሰታ ነው። የአዲስ ዓመቱ ቢራ የሚደርሰው ደግሞ በዚሁ ጾም ነው። ቤቱ በሙሉ ጾመኛ፤ መጠጥ በአፉ የሚያዞር የለም። ሥራዋ ነውና ለትርሲት ብቻ የንስሐ አባቷ ፈቅደውላታል። በየዓመቱ እንዲህ ነው፤ "እሷ ብትታመምስ?" ያለ አንድ ሰው የለም። ጉድ እኮ ነው!

፭

እስቲ አፍንጫችሁን ያዙና አንድ ጉንጭ ነገር ጠጡ።

ምን ነበር?

በዚህ ላይ ፈርሙ ብትባሉስ?

፮

ቢራ ሁለት፣ የጥቁር ገብስ።
ሽታ፦ ቆሎ። (ይኼኛው ግምት ነው።)

ቢራ ሦስት፣ የጌሾ።
ሽታ፦

እዚህ ላይ እጇ ቆመ። ምላሷ ላይ ጎምዘዝ አለባት። ጌሾው ይሆን? ወይስ በርሜሉ ተበላሽቶ? አፍንጫ ቢኖራት ባንዴ ትለየው ነበር። የተበላሸ ቢራ ከታሸገም በኋላ መፍላቱን አይተውም፤ ጠርሙስ ያፈነዳል። ካቻምና አንዱ ፈንድቶ የእማዋይሽን ጉንጭ እስከ ዐይኗ ሥር ሰንጥቆታል። እማዋይሽ ዛሬም የምትሠራው እዚያው ማሸጊያው ላይ ነው።

 

፯

ትርሲት፦ እማዋይሽ፣ ነይማ። እስቲ ይችን አሽትቺልኝ።

እማዋይሽ፦ በስመ አብ! በጾም?

ትርሲት፦ ማሽተት ጾም አያስፈታም።

እማዋይሽ፦ (አሽትታ) ኮምጠጥ ያለ ነገር ይሸታል መሰለኝ። እኔ ምን አውቄ? ጌሾው ይሆናላ። አንቺ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ (ብርጭቆውን ተቀብላ እንደገና አሸተተች)

እማዋይሽ፦ ትርስዬ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ። ምነው?

ትርሲት፦ ደህና ነኝ።

እማዋይሽ፦ በይ እንግዲህ፤ አንቺ ደህና ነው ካልሽ እኔ ምን ቸገረኝ። ካንቺ ወዲያ ላሣር!

፰

ጋሽ ደምሰው ብቅ አለ። ጠርሙሶቹ ታጥበው ተደርድረዋል።

"ምነው ዛሬ ዘገየሽ? ፈርሚና እንሙላ እንጂ!"

"አይሸተኝም" ብትል ጉዷ ይወጣል፤ በነዚህ አሥራ አንድ ቀናት የፈረመችባቸው ቢራዎች ሁሉ ገበያ ወጥተዋል። ዝም ብትልስ? ይቺን ክፍል ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰርዣለሁ፤ እኔም ፈርቼላታለሁ፣ እውነቴን ነው።

"ጋሽ ደምሰው፣" አለች።

"አቤት?"



እማዋይሽ ጓንቷን አጥልቃ ማሸጊያው ፊት ቆማለች፤ እጇ ማብሪያው ላይ ነው። ጋሽ ደምሰውን ዞር ብላም አላየችው። ያየችው ትርሲትን ነው።

"ልጀምር፣ ትርስዬ?"

፱

ትርሲት፦ (ይቺን እናንተ ሙሉላት።)