የሣህሊቱ አምስት ደቂቃ

አባቴ ኪዳነ ወልድ ዕድሜውን ሙሉ ኮት የሰፋ ሰው ነው። ፓርኪንሰን የሚባለው ሕመም እጁን ማንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መርፌ ባይዝም፣ አለባበሱን ግን አልተወም። እሑድ እሑድ ራሱ የሰፋውን ጥቁር ኮት ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ባለፈው ዓመት፣ የዚህ አገር ዝናብ በጥቅምት ሲጀምር፣ መሄድ አቆመ።

«ዛሬ ደክሞኛል» ይለኛል። በሳምንቱም ያው። ሕመሙ የባሰበት መስሎኝ ደነገጥኩ።

የምንኖረው ባሕር ማዶ፣ ፌደራል ዌይ በሚባል ከተማ ነው፤ እኔ የምሠራው ራቅ ብሎ ሬድመንድ። ቀን ቀን አባቴን ይዛ የምትንከባከበው ሣህሊቱ ናት። ሃምሳን የተሻገረች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ሴት ናት፤ ሆም ኬር፣ ታማሚን ቤቱ ሄዶ መንከባከብ፣ መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ እሷ አባቴን ጋሼ ትለዋለች።

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ወጥ ቤት ጠራችኝና፣ «ኖላዊት፣ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን የቀሩት ደክሟቸው አይደለም፤ ፎረፎሩ ነው» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ትከሻቸው ላይ የሚራገፈው ነዋ። ዛሬ ኮቱን አውጥተው በብሩሽ ሲጠርጉ አገኘኋቸው። እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ‹ልብስ ሰፊ እንዲህ ሆኖ ሰው ፊት አይቆምም› አሉኝ።»

አፈርኩ። ፎረፎሩን ሳላየው ቀርቼ አልነበረም። እንዲያውም በየሳምንቱ ጭንቅላቱን በጉሎ ዘይት የማሸው እኔ ነኝ። ደርቆበት ነው ብዬ ነበር።

«ዘይት እየቀባሁት እኮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ እጅሽን ይወዱታል። ግን የእሳቸው ደረቅ አይደለም። ቅርፊቱ ቢጫና ወዛም ነው። ቅንድባቸው ውስጥና አፍንጫቸው ጎንም አለ፤ ቆዳው ቀልቷል። ፊት የያዝኳቸው ሌላ የፓርኪንሰን ታማሚ እንዲህ ዓይነት ነገር ነበረባቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ የሐኪም አፖይንትመንት ብትይዢላቸው ጥሩ ነው።»

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ አነጋገሯ ነው። «አንቺ ነሽ ያባስሽው» ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

ሐኪሟ የአባቴን ራስ በብርሃን አይታ ነገሩን አስረዳችን። በሰው ሁሉ የራስ ቆዳ ላይ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ የፈንገስ ዓይነት አለ፤ የሚመገበው የቆዳን ወዝ ነው። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወዙ ይበዛል። ፈንገሱ ሲመቸው ቆዳው ይቆጣል፣ ቶሎ ቶሎም ይላጣል። «ከንጽሕና ጉድለት የመጣ አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም» አለች። ይህን ሳስተረጉምለት አባቴ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። እኔን ዘይቱን እንድተው ነገረችኝ፤ ለእሱ ኬቶኮናዞል የሚባል መድኃኒት ያለበት ሻምፑ አዘዘችለት። በሳምንት ሁለቴ፣ ራሱ ላይ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል፤ ለአራት ሳምንት።

አምስት ደቂቃ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። አባቴን ግን ጎንበስ ሲል ያዞረዋል፤ ውሃ ፊቱ ላይ ሲወርድም ይደነግጣል። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ «ይብቃ! አጥቢኝ!» ብሎ ጮኸባት። ሣህሊቱ አልተከራከረችውም። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ሻይ ሰጠችው።

በሁለተኛው ጊዜ ከቤት የምሠራበት ቀን ስለነበር አየኋት። ወንበሩን አዙራ ጀርባውን ለመታጠቢያው አደረገችው፤ አንገቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አስገባች፤ ግንባሩ ላይ ደግሞ ሌላ ፎጣ አሰረች። ሻምፑውን ጥፍሯን ሳታስነካ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ቀስ አድርጋ አሸችው። ከዚያ ስልኳ ላይ አምስት ደቂቃ ሞላችና፣ «ጋሼ፣ ኮት ሲቆርጡ መጀመሪያ የሚለኩት የቱን ነው?» አለችው።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። «ምን ያደርግልሻል?»

«ልማር ነዋ።»

«ጀርባ ነው። ከአንገት ሥር እስከ ወገብ። ከዚያ ትከሻ። ትከሻው ከተበላሸ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው…»

ሕመሙ ድምፁን ካሳነሰው ወዲህ እንዲህ አስረዝሞ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እጅጌ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ።

«ገና አልጨረስኩም!» አለ ተቆጥቶ።

«እጅጌው ለዓርብ ይቆየን» አለችው፤ የውሃውንም ሙቀት በእጇ ጀርባ ለክታ ለቀቀችለት።

ለማታለያ ያመጣችው ጨዋታ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጠረጴዛ ላይ የረሳችውን ደብተር ሳነሣላት ገጹ ተገለጠ፤ የትከሻው፣ የኮሌታው፣ የገበሩ አቆራረጥ ከነሥዕሉ ተጽፏል። የምሯን ነበር። በዚያው ሰሞን የአባቴ ቅንድብ ቅላቱ ከሰመ፤ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ትከሻው ላይ የሚራገፍ ነገር አልነበረም። በታኅሣሥ አንድ እሑድ አባቴ ኮቱን ለብሶ እኔን በር ላይ ጠበቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሰው በሚበዛበት በኩል ተቀመጠ።

ፎረፎሩ ጨርሶ አይጠፋም፤ ቢተዉት ይመለሳል። ስለዚህ አሁን በሳምንት አንዴ በዚያው ሻምፑ ይታጠባል። ባለፈው ወር ሣህሊቱ ዕረፍት ስትወጣ ተራው የእኔ ሆነና ዓይኑ ውስጥ አረፋ ከተትኩበት። ስትመለስ ነገርኳት፤ ከት ብላ ሳቀች።

«እትዬ፣ አንቺ ይህን ሁሉ የት ተማርሽው?» አልኳት።

«ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር የያዝኳቸው አንዲት እናት ነበሩ። መናገር አይችሉም። ምን እንዳመማቸው የማውቀው ደህና አድርጌ ካየኋቸው ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እሳቸውን ሳይ ኖርኩ።»

የአውቶቡሷ ሰዓት ደርሶ ነበርና ጃኬቷን ለበሰች። አባቴ ከሶፋው ላይ ቀና ብሎ፣ «ነገ ትመጪ የለ?» አላት።

«እመጣለሁ፣ ጋሼ» አለችው፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።