ለአፖንዲ የተሰጠው በሬ

“እዚያ ጋ አትትከሉት አልኳችሁ!”

ኦቡያ እየሮጠ ቢደርስም ዘግይቷል። ድንኳን ተካዮቹ ካስማውን የአፖንዲ የጎመን መደብ መሀል ላይ ቸክለውታል። አንደኛው መዶሻውን እንዳነሣ ቀና ብሎ አየው።

“ወንድሜ፣ ድንኳኑ ትልቅ ነው፤ ሌላ ቦታ አይበቃውም። ደሞስ ጎመኑን ከእንግዲህ ማን ሊበላው ነው?”

ኦቡያ ወደ ቤቱ ዞረ። ጎመኑን የተከለችው ሚስቱ አፖንዲ ከቤቱ ደጃፍ፣ ፊቷ ላይ መስታወት ባለው ሳጥን ውስጥ ተኝታለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ግቢ ውስጥ ትቀበራለች።

ሳጥኑን ያመጣው ሞሪስ ነው፤ ናይሮቢ ትልቅ ቢሮ ያለው የአጎቱ ልጅ። ሞሪስ ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ ያደገው ከኦቡያ ጋር፣ ባንድ ቤት ነው። ለሁለቱ የሚሆን የትምህርት ቤት ክፍያ ሲጠፋ የኦቡያ አባት “እሱ ጭንቅላት አለው፣ አንተ እጅ አለህ” ብለው የገዛ ልጃቸውን ከሰባተኛ ክፍል አስወጡት። ያ እጅ ይኸው እስከ ዛሬ ዛፍ ሥር የሰው ሞተርና ብስክሌት ሲፈታ ይውላል። ጭንቅላቱ ደግሞ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጥቷል።

“ሳጥኑን አየኸው፣ መካኒኩ?” አለው ሞሪስ። በስሙ ከጠራው ዓመታት አልፈዋል። “በዚህ ሐይቅ ዳር እንዲህ ያለ ገብቶ አያውቅም። ለአፖንዲ ስስት የለንም።”

“ስደውልልህ ስልክህ ዝግ ነበር።”

“ስብሰባ ላይ እሆናለሁ እኮ፤ ታውቀው የለ?”

“ወሩን ሙሉ?”

ሞሪስ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገውና ድምፅ ማጉያ ወደሚዘረጉት ሰዎች ሄደ።

ኦቡያ አልረሳም። እሱ መርሳት የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም። ሐኪሙ “ሆዷ ውስጥ ያለው እብጠት በቶሎ ከወጣ ትድናለች” ያለ ቀን፣ ከሆስፒታሉ የክፍያ መስኮት ፊት ቆሞ የጤና ካርዱን አሳይቶ ነበር። ሬዲዮው ካርዱ ለሀብታሙም ለድሃውም ነው ሲል ሰምቶ ያወጣው ካርድ ነው። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ግን “ካርዱ እንዲሠራ የዓመቱን ባንዴ ክፈል፤ አለዚያ ለቀዶ ጥገናው መያዣ አምጣ” አለችው። የዓመቱን ባንዴ! የዕለቱን እንኳ ባንዴ አግኝቶ ለማያውቅ ሰው! በንግግሯ አልተቀየማትም። ይህን ስትለው ቀና ብላ አለማየቷ ነው ውስጡ የቀረው።

አፖንዲ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ባዶ እጁን ሲመለስ ፊቱን አየች። “ቤታችን እንሂድ። የሰው ሞተር ፈተህ ትተህ መጥተሃል፤ ይቆጡሃል፤” አለችው። በኪራይ ሞተር ሲመለሱ በነጂውና በሱ መሀል አስቀምጦ፣ እንዳትወድቅ ከኋላ አቅፎ ይዟት ሄደ። መንገዱ ጉድጓድ በበዛበት ቁጥር እጁን በጥርሷ ትነክስ ነበር። የነከሰችው ምልክት አውራ ጣቱ ሥር አሁንም አለ።

ያኔ ነው በስልኩ “አፖንዲን እናሳክም” የሚል የዘመድ ቡድን የከፈተው። ዘመዶቹን በሙሉ አስገባቸው። እከሌ ወጣ፣ እከሊት ወጣች፣ እያለ ስልኩ ሲነግረው ሰነበተ። ሞሪስ ግን አልመለሰም፣ አልወጣምም፤ እዚያው ተቀመጠ። አፖንዲ ባረፈች ማግስት ያው ሞሪስ “አፖንዲን በክብር እንሸኝ” የሚል ሌላ ቡድን ከፈተ። የወጡት ሁሉ ገቡ። የላኩት ገንዘብ ስልኩን ጩኸት በጩኸት አደረገው። ለድንኳኑ፣ ለሳጥኑ፣ ለቪዲዮ ቀራጩ፣ ለሩዙ ተርፎ አበባ ተገዛበት።

ከማብሰያው በኩል ኔሪያ ውሃ ተሸክማ መጣች። ጎረቤቱ ናት፤ የአፖንዲ ባልንጀራ። ባሏ ኦጎላ ዓሣ አስጋሪ ነበር፤ ጀልባ እግሩን ጨፍልቆት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ቤት ተኝቷል። እሱም እዚያው መስኮት ደርሶ ነው የተመለሰው።

“ኦጎላ እንዴት አደረ?” አላት።

“ማጉያው መች አስተኛው! ‘ለኔ ጊዜ ሻል ያለ ዘፈን ይምረጡልኝ’ ይላል።” ልትስቅ ሞከረች። “ሐኪሙ እግሩ በዚህ ሳምንት ካልተቆረጠ መመረዙ ወደ ላይ ይወጣል ብሏል። እኔ ደሞ እዚህ ሩዝ እለቅማለሁ።”

“ዘመዶቹስ?”

“እነሱማ ደግ ናቸው። የሞተ ቀን ይመጣሉ።”

በዚህ መሀል እልልታ ተሰማ። ሽማግሌው አጎቱ ኦግዌኖ አንድ ቀይ በሬ አስጎትተው ገቡና ማይኩን ተቀበሉ።

“ይህን በሬ በሁላችሁ ፊት ለኦቡያ ሰጥቻለሁ! የወንድሜ ልጅ ሚስት በባቄላ አትሸኝም!”

ሰዉ አጨበጨበ። ኦቡያ በሬውን ያውቀዋል። ባለፈው ወር ሽማግሌው ደጅ ቆሞ ለሕክምናዋ የለመነው ይህንኑ በሬ ነው። “ትድን አትድን ምን አውቄ? በሬዬ ግን ሄዶ ይቀራል፤” ብለውት ነበር።

ቀረብ አለና “የኔ ነው አሉ፣ አጎቴ?” አላቸው።

“ያንተ ነው። ሰው ፊት ሰጥቼ የምቀበል መሰለህ?”

“እግዜር ይስጥልኝ።”

አራጆቹ ቢላዋ ይስላሉ። መድረክ መሪው “ሁላችሁም ተቀመጡ፤ ባል ሊያመሰግን ነው! ባል ሲናገር የሚነሣ እንደሌለ ታውቃላችሁ!” እያለ ወንበር ያስይዛል። የአገሩ ወግ ነው፤ ባል ሚስቱ ሬሳ አጠገብ ቆሞ እየተናገረ ከወንበሩ የሚነሣ እርግማን ይዞ ይነሣል። ኦቡያ ግርግሩን አየና በሬውን ፈታ። በማብሰያው ጀርባ ዞሮ ገመዱን ኔሪያ እጅ ላይ አኖረው።

“የከብት ገበያው ዛሬ ነው። ሳይበተን ድረሺ።”

“አበድክ እንዴ? ሰዉ ምን ይበላል?”

“ባቄላ አለ።”

“ኦቡያ፣ ያዋርዱሃል።”

“እኔን? አዲስ ነገር ይፈልጉ። ሂጂ ባክሽ፣ እግሩ አይጠብቅሽም።”

ኔሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ገመዱን ጠቅልላ፣ አቀበቱን ይዛ ሄደች። እሱ ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ኦግዌኖ ባዶውን ችካል አይተው ቆመዋል።

“በሬው የት ነው?”

“የኦጎላን እግር ሊያሳክም ሄዷል።”

“ለዚያ ለሚሸት እግር? ሚስትህን ሰው ፊት ልታዋርድ?”

“የሷ ውርደት አጥር ሥር አልቋል፣ አጎቴ። እርስዎ አልነበሩም እንጂ።”

“ሂዱ መልሱት!” አሉ ሽማግሌው ወደ ጎረምሶቹ ዞረው። ሁለቱ ብድግ አሉ። ሞሪስም እየተጣደፈ መጣ፦ “መካኒኩ፣ ቪዲዮ እየተቀረጸ ነው፣ ኧረ እባክህ!”

ኦቡያ ከመድረክ መሪው እጅ ማይኩን ነጠቀና ሳጥኑ አጠገብ ቆመ።

“ላመሰግን ነው፤” አለ።

ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተቀመጡ። ኦግዌኖም ተቀመጡ።

ይህን ምስጋና አልናገርም ብሎ ምሎ ነበር። አሁን ግን ጉሮሮውን ጠርጎ ከሞሪስ ጀመረ። “ሞሪስን ስለ ሳጥኑ አመሰግናለሁ። አጎቴ ኦግዌኖን ስለ በሬው አመሰግናለሁ።” ቀስ እያለ፣ ከመጀመሪያው ቡድን የወጡትን ሁሉ ስልኩ ባስነበበው ተራ፣ በየስማቸው ጠራቸው። እከሌን ስለ ድንኳኑ። እከሊትን ስለ አበባው። ስማቸው ሲነሣ አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዳንዶቹ ደስ ብሏቸው ቀና አሉ። እሱ የሚያየው ግን ከጭንቅላታቸው በላይ ነው። አቀበቱ ላይ አንድ ቀይ ነገርና አንዲት ሴት ቀስ እያሉ ይወጣሉ።

በሬው ጫፉ ላይ ታየ፤ ቀጥሎ ኮረብታው ዋጠው። ከእንግዲህ ቢነሡም አይደርሱበትም። ስሞቹም አልቀዋል።

ሳጥን ተሸካሚዎቹ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ ማይኩን የሚያወርድበትን ይጠብቃሉ። ኦቡያ ጎንበስ ብሎ አየ። መስታወቱ ላይ የጎመን መደቡ አፈር ብን ብሎበታል። በእጅጌው ጠረገላት። ፊቷ ላይ፣ ከሞተሩ ወርዳ “ደረስን?” እንዳለችው ጊዜ ሁሉ፣ ድካም ብቻ ነው ያለው።

ዝም ካለ ያነሧታል።

“ሞሪስን፣” አለ እንደገና ከመጀመሪያው፣ “ስለ ሳጥኑ አመሰግናለሁ።”