አራት ደቂቃ ድንጋይ ላይ

ቤተሰቡ «ቆይ-ቆይ» ይላታል። ካሜራ ከያዘች ጀምሮ ከአፏ የሚወጣው «ቆይ! ቆይ! እንዳትነቃነቅ!» ብቻ ስለሆነ ወንድሟ በቀልድ ያወጣላት ስም ተጣብቆባት ቀረ። ሠርግ አታነሳም፣ ልደት አታነሳም። እሷ የምታነሳው ውሃ፣ ደመናና ድንጋይ ነው። እሱንም ቢሆን እንደ ሰው ጠቅ አድርጋ አትሄድም። ሌንሱ ፊት የብየዳ መነጽር የመሰለ ጥቁር ፊልተር ትገጥምና ካሜራውን ለአራት ደቂቃ ያህል ዓይኑን እንደከፈተ ትተወዋለች። ፊልተሩ ብርሃኑን በቁንጥር ስለሚያሳልፍ ነው ይህን ያህል የሚቆየው። በዚያ መሃል የሚሮጠው ውሃ ወተት ይመስላል፣ ደመናው እንደ ተበጠረ ጥጥ ይሳባል፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። አዎ፣ ይጠፋል! በካሜራው ፊት ሕዝበ አዳም ቢተራመስ፣ ቀጥ ብሎ ያልቆመ ሰው ፎቶው ላይ የለም።

ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው። ለትልቁ ኤግዚቢሽን ሥራዎቿን ይዛ ስትቀርብ አዘጋጇ ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እጅሽ ይባረክ» አለቻት፤ «ግን እህቴ፣ ሰዉ ሁሉ የት ሄደ? ዓለም ካለቀ በኋላ ነው እንዴ የምታነሺው? አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መሃሉ ላይ አቁሚልኝ። እስከ ነገ ማታ ካመጣሽ ግድግዳው ላይ ቦታ ይዤልሻለሁ። ካላመጣሽ አልጠብቅም፤ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል።»

ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቃለች መሰላችሁ! ያን ቀን ከሰዓት ወንድሟን ሰገነት ላይ አቁማ ሞከረችው፤ እሱ ሆዬ አንገቱን ሲያክ ባለ ሁለት ራስ ሆኖ ወጣ። ጎረቤቷን ለመነቻት፤ ልጅቱ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከወገቧ በላይ ጭስ ሆነች። ለራት ሲቀመጡ ምግቡ አልወርድ አላት።

«እኔ እቆምልሻለሁ» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል መጣ።

ሁሉም ዞሩ። አባት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሏቸው እዚያ መስኮት ሥር ካለው ወንበር ላይ ነው፤ ቤቱ ሲጠረግ እንኳ እግራቸውን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ አይነሱም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በባንክ ጥበቃነት ነው። በር ላይ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ዓይናቸው እንኳ የማይርገበገብ ስለሚመስል ሠራተኛው ሁሉ «ሐውልቱ» ይላቸው ነበር። የልጃቸው ሥራ ግን ገብቷቸው አያውቅም። «ድንጋይ ለማንሳት ይህን ሁሉ መንገድ?» ይላሉ፤ እሷም ማስረዳቱን ከተወች ቆይታለች። አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የሚነጋገሩት «ጨው አቀብይኝ» እና «በሩን ዝጊው» ብቻ ሆኗል።

«ጉልበትህስ?» አሉ እናት።

«ጉልበቴ ምን ሆነ?»

«ደረጃ ስትወርድ ሲጢጥ የሚለው የማን ነው ታዲያ? የኔ?»

«ውረድ አልተባለም፤ ቁም ነው የተባለው። መቆም ደግሞ ሥራዬ ነው።»

እናት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አደራሽን፣ ከውሃው እንዳታስጠጊው» አሉ። አባት ግን ኮታቸውን ለመቦረሽ ተነስተው ሄደው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ዳር ደረሱ። ፀሐይዋ ጥሩ ናት፣ አየሩ ጸጥ ብሏል። ራቅ ብሎ በተራሮቹ ላይ ብቻ ከባድ ጥቁር ደመና ተንጠልጥሏል። ቆይ-ቆይ ደመናውን ስታየው ደስ አላት። ከሰው ጀርባ ሲሳብ ምን እንደሚመስል ገና ከአሁኑ ታያት። እንግዲህ ሰው ዓይኑ ሥራው ላይ ሲተከል ሌላው ነገር አይታየውም፤ እዚያ ተራራ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በየት በኩል እንደሚወርድ ለአፍታ አላሰበችም።

ከዳርቻው ጥቂት ገባ ብሎ ወንዙ መሃል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ውሃው ዙሪያውን ይፈሳል እንጂ ላዩ ደረቅ ነው። አባት በተደረደሩ ድንጋዮች ላይ እየረገጡ፣ በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን በሌላው የእሷን ክንድ ይዘው ተሻገሩ። እጃቸው ሲቀዘቅዛት ሆዷ ባባ። «ልተወው ይሆን?» ብላ አሰበች። የአዘጋጇ «አልጠብቅም» ደግሞ ትዝ አላት።

«እይ አባዬ» አለቻቸው ጆሯቸው ሥር ተጠግታ። ከላይ ያለው ፏፏቴ ስለሚጮህ በቅርብ ካልሆነ አይሰማም፤ የእሳቸውም ጆሮ ቢሆን ደከም ብሏል። «ፊትህን ወደኔ፣ ጀርባህን ለፏፏቴው። ሁለት እጄን ወደ ላይ ካነሳሁ ጀምሬያለሁ ማለት ነው፤ እንዳትነቃነቅ። ወደ ታች ካደረግኩ አልቋል፤ እመጣና አሻግርሃለሁ።»

«ገባኝ።»

«ቢደክምህ ግን...»

«ገባኝ አልኩሽ እኮ!»

ተመልሳ ዳርቻው ላይ ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ አቆመች። መጀመሪያ ያለ ፊልተሩ አባቷን መሃል አስገብታ፣ ምስሉን አጥርታ፣ ሌንሱ እንዳይዞር ቆለፈችው። ይህ መቅደም አለበት፤ ጥቁሩ ፊልተር አንዴ ከተገጠመ በኋላ በካሜራው አጮልቆ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ጨለማ ብቻ ነው። ከዚያ ትንፋሿን ውጣ ፊልተሩን ጠመዘዘችው። በኋላ በኩል ብርሃን እንዳይሰርግ አጮልቃ የምታይበትን ቀዳዳ በጥቁር ፕላስተር ሸፈነች። ሁለት እጇን አነሳች።

አባት ደረታቸውን ነፉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ከሸፈ። ዝንብ ነች፤ አፍንጫቸው ላይ አርፋ አልነሳ ብላ፣ በስተመጨረሻ እጃቸውን ሰነዘሩባት። ቆይ-ቆይ አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ ብቻ ካሜራውን አጠፋች። እሳቸው ግን ዝምታዋን ከሩቅ አዩት። ባርኔጣቸውን አስተካከሉና በእጃቸው «ድገሚው፣ ድገሚው» አሉ። ፊታቸው የጥፋተኛ ልጅ ፊት ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ተጀመረ። ስልኳ ላይ ሰዓቱን አስነስታ ዓይኗን እሱ ላይ ተከለች። አንድ ደቂቃ ሞላ። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ፍንክች የለም። ሐውልቱ! ስስ ደስታ በደረቷ አለፈ፤ ወዲያውም ፍርሃቱ ተከተለው። ደመናው ፀሐይዋን ቢጋርድስ? ነፋስ ቢነሳስ? ኮታቸው ቢወዛወዝስ? ሰዓቱን አየች፤ እሳቸውን አየች፤ ደግሞ ሰዓቱን አየች። እንዲህ ስትባዝን ውሃውን አላየችውም።

ያወቀችው ጫማዋ ሲርስ ነው።

ስትቆም ደረቅ ጠጠር ላይ ነበረች። አሁን ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ይልሳል፤ ቀለሙም ጭቃ መስሏል። ቅጠል፣ ጭራሮ፣ የተነቀለ ቁጥቋጦ ይዞ ይወርዳል። ቀና ስትል አባቷ የቆሙበት ድንጋይ የለም። እሳቸው ግን አሉ፤ ውሃው ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ደራሽ ነው! ተራራው ላይ የዘነበው መጣ!

ክው አለች። «አባዬ! ውጣ! አባዬ!» ብላ እሪ አለች፤ ድምጿን ፏፏቴው ዋጠው። ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ አወዛወዘች፤ «ና! ና በፈጠረህ!»

አባት የተነሱትን እጆች አዩ። አገጫቸውን ከፍ አድርገው የባሰ ቀጥ አሉ።

ወይ ጉዴ! ያኔ ነው የገባት። «እንዳትነቃነቅ» እያለቻቸው ነው! እጆቿን ወደ ታች ወረወረች፤ ግን ሰው ሲደነግጥ እጁ የት ይታዘዝለታል? ወርደው እንደገና ተነሱ፣ እንደገና ወረዱ። ዕድሜ ልኩን በር ላይ የቆመ ሰው ትእዛዝ ሲምታታበት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ባለበት መጽናት። እሳቸውም ጸኑ። ውሃው ጉልበታቸው ደርሷል፤ የኮታቸው ጫፍ መንሳፈፍ ጀምሯል። ዓይናቸው እሷ ላይ ነው።

ልትገባ ሞከረች። የመረገጫዎቹ ድንጋዮች የት እንደነበሩ አይታይም፤ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ውሃው ከሥሯ ጠለፋትና በእጇ ጠጠሩን ይዛ ተረፈች። እሷ ከተወሰደች ደግሞ እሳቸው እዚያው እንደቆሙ ይቀራሉ። አባቷ ውጣ የሚላቸው አጥተው ሊሞቱ ነው። ያዘዘቻቸው ራሷ ናት!

ዞር ስትል ካሜራውን አየችው። ጥቁሩ ፊልተር ወደ አባቷ አፍጧል፤ አሁንም እያነሳ ነው።

መቆሚያውን በሁለት እጇ ይዛ ከነካሜራው አነሳችና ጠጠሩ ላይ ከነበረ ትልቅ ድንጋይ ጋር ባለ በሌለ ኃይሏ አጋጨችው። ፊልተሩ እንክትክት አለ። ሌንሱም ተሰነጠቀ።

ሐውልቱ ተነቃነቁ። «ካሜራው!» የሚለው ጩኸታቸው ፏፏቴውን ሰንጥቆ ወጣ፤ «ካሜራሽ ወደቀ! ልጄ! ካሜራሽ!» እያሉ፣ በዚያ ሲጢጥ በሚል ጉልበታቸው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ከዘራቸውን እየተከሉ፣ ጭናቸው ድረስ እየሰመጡ መጡ። አንዴ ተንገዳገዱ፤ ባርኔጣቸው ሄደ። ቆይ-ቆይ ወገቧ ድረስ ባይሆንም እስከምትችለው ገብታ መቆሚያውን ዘረጋችላቸው፤ ካሜራው ከእሷ በኩል ተንጠልጥሏል። አባት የመቆሚያውን እግር ያዙት።

«በሱ አትሳቢኝ! ይሰበራል!»

«ያዝ! አባዬ ያዝ! ይሰበር!»

ጎተተች። ነፍስ ይኑራት አይኑራት አታውቅም፤ ጎተተች። ጠጠሩ ላይ አብረው ወደቁ፤ ከዚያም በአራት እግራቸው እየዳኹ፣ ከሣሩ በላይ ካለው ከፍታ እስኪደርሱ አልቆሙም። ዘወር ሲሉ ውሃው ያ ድንጋይ ከነበረበት በላይ ግንድ እያንከባለለ ያልፋል።

ተንበርክካ ጫማቸውን ፈታች፣ ካልሲያቸውን ጨመቀች፣ ሹራቧን አውልቃ እግራቸውን ጠቀለለች። ከዚያ እንባዋ መጣ። ከእንባው ጋር ቁጣው መጣ።

«ውሃውን አላየኸውም?» ብላ ጮኸችባቸው። አባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። «ጉልበትህ ጋ ሲደርስ አልተሰማህም?»

«እንዴት አይሰማኝም? በረዶ ነው እኮ!»

«ታዲያ ለምን አትወጣም? ለምን? ለአንድ ፎቶ? አፈር ይብላው ፎቶው!»

አባት በድንጋጤ አዩዋት። «እንዳትነቃነቅ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አሉ ለስለስ ብለው። «እጅሽን አንስተሽ ነበር። በፊት አንዴ አበላሽቼብሻለሁ። ደግሜ ላበላሽብሽ?»

እግራቸውን እቅፍ አድርጋ ማሸት ጀመረች።

«እሱስ?» አሉ፣ ወደ ካሜራው በአገጫቸው እያመለከቱ። «ሳይወድቅ በፊት ያነሳው... ተበላሸ?»

ካሜራውን አነሳች። ሌንሱ ቢሰነጠቅም ምስል የሚታይበት የኋላው መስኮት ይሠራል። ፎቶው ላይ የወንዝ መልክ የለም፣ የሰው መልክ የለም፤ ከዳር እስከ ዳር የተጎተተ ቡናማ ጭረት ብቻ ነው።

«ወጥቷል» አለች።

«እውነትሽን ነው?»

«አዎ፤ ቆንጆ ሆኗል። ቤት ስንደርስ አሳይሃለሁ፤ እዚህ ፀሐዩ አያሳይም።»

«አልተነቃነቅኩም አይደል?»

«ፍንክች አላልክም፣ አባዬ።»

አባት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ፈገግ አሉ፤ እሷ እንዲህ ሲስቁ ካየቻቸው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ትከሻዋን ተደግፈው ተነሱ።

«ለእናትሽ ቀጥ ብሎ ቆመ ብለሽ ንገሪያት» አሉ። «የውሃውን ግን አታንሺባት።»