የሚገጥምበት ቁራጭ

«ይቺ እኮ እሷ አይደለችም፤» አለ ባልየው፣ የሚስቱን መታወቂያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ እያየ።

የሚስቱ ታላቅ እህት ለለቀስተኞቹ ሻይ እየቀዳች ነበር። ቀና ሳትል፣ እሷ ካልሆነች ማን ልትሆን ነው ብላ መለሰችለት። ትናንት ከሩቅ የመጡት ዘመዶች ገና ሲገቡ ዓይናቸው በግድግዳው ላይ የሟችን ፎቶ ሲፈልግና ሲያጣ አይታለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ነገ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ሰው ይመጣል። መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ዛሬውኑ ጎልቶ ይታተማል፣ ይሰቀላል፣ አለቀ።

መታወቂያው ላይ ያለችው ሴት ከንፈሯን ገጥማ አፍጥጣለች። ጣቢያ ተጠርታ የቀረበች ትመስላለች። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን መርፌ በከንፈሯ ይዛ እንኳ ወሬ የማታቋርጥ ሴት ነበረች። ይቺ አፏን የዘጋች እንግዳ ሴት ግድግዳው ላይ ከወጣች፣ ሰዉ ሁሉ የሚያስታውሳት በዚህች ነው።

«እስከ ማታ ታገሺኝ፣ እትዬ። ሌላ ልፈልግ።»

«የት ትፈልጋለህ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሰፈሩን ዶሮ አንስተሃል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አንስተሃል። እህቴን ለማንሳት ግን እጅህ አጠረ።»

ባልየው መታወቂያውን መለሰላት። ሙያው ቧንቧ መጠገን ነው፤ እሑድ እሑድ ግን ካሜራውን አንግቶ ይወጣ ነበር። ያላነሳው ነገር የለም፦ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ ካልሲ፣ ብስክሌት ሥር የተጠለለች ዶሮ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ያንቀላፋ የሰፈራቸው ፀጉር አስተካካይ። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስታወት የገባው ነው። ዝናብ ያባራበት ባዶ የኳስ ሜዳ፣ መሀሉ ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አንዲት የተረሳች ኳስ። እሷን ሊያነሳ ካሜራውን ሲያዞር፣ የምትሰፋውን ጨርቅ ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ «ሂድ፣ ዶሮህን አንሳ» ትለውና ትስቃለች። እሱም ሌላ ቀን ይደርሳል እያለ ይተዋታል። ያ «ሌላ ቀን» አልደረሰም።

ያለ እሷ ግን ወጥቶ አያውቅም። ራሰ በራ ነው፤ ፀሐይ አናቱን ስትመታው ራሱን ያመዋል። ስለዚህ እሱ ተንበርክኮ ሲያነጣጥር፣ እሷ ከኋላው ቆማ ጃንጥላ ትይዝለታለች። «ጨረስኩ፣ አውርጂው» እስኪላት ክንዷ ቢዝልም አታወርድም። ሲበዛባት፣ ዶሮዋ አርጅታ ልትሞት ነው እያለች ትነዘንዘዋለች።

ፀሐይ ከኋላቸው ስትሆን ጥላዋ ዘሎ ፎቶው ውስጥ ይገባል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። «ገባሁብህ አይደል?» ብላ ራሷ መቀሱን ታቀብለዋለች። እሱም በልብስ መስፊያ ማስመሪያዋ ለክቶ ጠርዙን ይቆርጣል። ቁራጩን ጠራርጋ የምታነሳው እሷ ነበረች። የት እንደምታደርሰው ጠይቋት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ጎረቤቱ ፎቶ ቤት ስለሆነ፣ እህትየው መታወቂያውን ሰጥታ ዛሬውኑ እንዲያደርስላት አደራ አለችው። ኪሱ ከተተውና ሻይውን እስኪጨርስ ተቀመጠ። ባልየው ዓይኑን ከዚያ ኪስ ላይ መንቀል አልቻለም።

ያኔ ነው አንድ ሰውነታቸው ከበድ ያለ ለቀስተኛ የተቀመጡበት ትራስ ቷ ብሎ የፈነዳው። ጥጡ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ሰውየው አፈሩ፣ ሰዉም ሳቁን ዋጠ። እህትየው የምትጥፍበት ጨርቅ ፍለጋ፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ የተንጠለጠለውን የቁርጥራጭ ከረጢት አምጥታ ዘረገፈችው። ልብስ ሰፊዋ ቁራጭ መጣል አትወድም ነበር። «ምኑ ይታወቃል፣ የሚገጥምበት አይጠፋም» ትላለች።

ከጨርቆቹ መካከል በክር የታሰሩ ቀጫጭን ወረቀቶች ወደቁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እህትየው።

ባልየው አጎንብሶ አነሳቸው። ገና ሳይፈታቸው አወቃቸው። በአንዱ የጃንጥላ ጫፍ፣ በሌላው ትከሻ፣ በሌላው የቀሚስ ዘርፍ፤ እሱ የቆረጠው ጥላ ሁሉ አለ። አንዱን መርጦ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ የኳስ ሜዳውን ፎቶ አውርዶ ከመስታወቱ አወጣውና ቁራጩን ከጠርዙ አስጠጋ። ሣሩ ከሣሩ ገጠመ።

ሣሩ ላይ የአንዲት ረጅም ሴት ጥላ ቆሟል። አንድ ክንዷ ጃንጥላ ይዞ ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ ሌላው ወገቧ ላይ ነው፤ ራሷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል።

እህትየው ከኋላው መጥታ ጎንበስ ብላ አየች።

«ወገቧን ይዛለች፤» አለች። «እናታችን እንዲህ ስትቆም ባየቻት ቁጥር፣ አሁን ደግሞ ልትለፈልፍ ነው ትላት ነበር።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረችና እጇን ዘረጋች። እሱም ሳይጠይቅ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ መለሰላት።

ሁለቱን በማጣበቂያ ሲያያይዟቸው ፎቶው ከመስታወቱ ሰፋ። እንዲያው ያለ መስታወት ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ለቀስተኞቹ እየተነሱ አዩ፤ ያወቋት ሁሉ አወቋት፤ ከዚያም ወደ ወንበራቸውና ወደ ሹክሹክታቸው ተመለሱ።

ባልየው ብቻ አልተቀመጠም። ያ ክንድ አሁንም እንደተዘረጋ ነው። ጠጋ ብሎ ከትከሻዋ ጀምሮ እስከ ጃንጥላው እጀታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ጨረስኩ፤» አላት በቀስታ። «አውርጂው።»