የኪከሩ አባት

ፍቅረማርያም ፉትቦል የሚሉትን የአሜሪካኖች ጨዋታ መጀመሪያ ሲያየው ድብድብ መስሎት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ዕድሜውም ስድሳን ተጠግቷል። ለእሱ ኳስ ማለት ክብ ሆኖ በእግር የሚመታ ነገር ነው። ልጁ ማቲያስም ያደገው ያንኑ ሲያንከባልል ነው። ልጁ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ግን አንድ አሠልጣኝ እግሩን አይቶ፣ "እስቲ የእኛንም ኳስ ሞክራት" አለውና ነገር ሁሉ ተለወጠ። ማቲያስ ኪከር ሆነ። ኪከር ማለት ሌሎቹ ሲተሻሹና ሲገፋፉ ቆይተው ሲደክማቸው ብቅ ብሎ፣ ያቺን እንደ እንቁላል የሾለች ኳስ በሁለት ረጃጅም ቋሚዎች መካከል በእግሩ የሚያሳልፍ ሰው ነው።

እናቱ መዓዛ "የልጄን አጥንት ሊሰብሩብኝ ነው" ብላ አለቀሰች። ፍቅረማርያምም ቢሆን ደስ አላለውም ነበር። ውድብሪጅ ከሚባል ከተማ አልፎ ወደ ደቡብ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሚያስነዳ አንድ ኮሌጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሲመጣ ግን ሁለቱም ዝም አሉ። በዓመቱ ፍቅረማርያም የቡድኑ ዋና ደጋፊ ሆኖ ቁጭ አለ። ጭልፊቶቹ ነው የሚባሉት። አረንጓዴ ኮፍያቸውን ገዝቶ አውቶቡስ ሲነዳም፣ ገበያ ሲወጣም አይለየውም። ነሐሴ በመጣ ቁጥር የጨዋታዎቹን ዝርዝር ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፍና በእስክሪብቶ ምልክት ያደርጋል፤ ይህን እናሸንፋለን፣ ይህንንም እናሸንፋለን፣ ይህኛው ያሰጋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰው ክንድ ይዞ፣ "ዘንድሮ የእኛ ነው፤ እመነኝ" ይላል። ፉትቦልና ሐብሐብ የማይለዩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በእሱ ሰበብ የጭልፊቶቹ ደጋፊ ሆኑ። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእኛው መካከል አንድ ልጅ እዚያ አለ።

ያለፈው ኅዳር ያ ሁሉ ፈረሰ። የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ጭልፊቶቹ በሁለት ነጥብ እየተመሩ አራት ሴኮንድ ሲቀር ማቲያስ ገባ፤ ካገባት ሦስት ነጥብ ናት፣ ጨዋታውም የእነሱ ይሆናል። ሠላሳ ሁለት ያርድ ነው፤ በልምምድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያገባት ርቀት። ኳሷ ከተነሳችበት ጀምሮ ወደ ግራ አዘነበለች፤ ቋሚውንም ሳትነካ በውጭ በኩል አለፈች። ፍቅረማርያም ስታዲየም ውስጥ ነበር። ከኋላው የተቀመጠ ሰው የልጁን ስም እያጣመመ ሲሳደብ ሰማ፤ ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሐዘን እንደ ደረሰበት ሰው ቀረበው። "አይዞህ፣ የእግዜር ሥራ ነው" እያሉ ጨበጡት። ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ያ ነው፤ ማዘናቸው። ልጁን የሰደቡት እንግዶች ነበሩ፤ ለእሱ ያዘኑለት ግን ትናንት "ዘንድሮ የእኛ ነው" ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ሰኔ ላይ ማቲያስ ለእረፍት ወደ ቤት መጣ። አንድ ማለዳ አባትና ልጅ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለ ትምህርት ቤት ሜዳ ሄዱ። ማቲያስ ይመታል፣ ፍቅረማርያም ኳስ እየሮጠ ያመጣል። ከአሥር አራቱን ሳተ። በአሥራ አንደኛው ላይ ልጁ መሬት ቁጭ አለና ቀኝ ዳሌውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ምን ሆንክ?"

ልጁ ዙሪያውን አየ። ከአባቱ ጋር ሁልጊዜ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ አባትየው በአማርኛ ይመልሳል። ዳሌውን ከባለፈው ጥቅምት ጀምሮ እንደሚያመው፣ በራሱ ገንዘብ ግሪንቤልት ያለ ሐኪም ዘንድ እንደሄደ፣ ጅማቱ ትንሽ እንደተቀደደ፣ ካሳረፈው መስከረም ላይ እንደሚድን ነገረው። ለቡድኑ ግን አልተናገረም። ከተናገረ ሌላ ኪከር ያመጣሉ፤ አንዴ ሌላ ሰው ከገባ ደግሞ ያቺ ቦታ አትመለስም።

"ለማንም እንዳትናገር። ለእማዬም ቢሆን። ፕሮሚስ ሚ፣ ዳድ።"

"ማርያምን፣ ከአፌ አይወጣም" አለ ፍቅረማርያም። ልጁን ደግፎ ሲያስነሳው፣ ከኅዳር ጀምሮ የተሸከመው ሸክም የወረደለት መሰለው። ልጁ ፈርቶ አልነበረም የሳተው፤ ታሞ ነው። ይህን ማወቁ እንዲያ ያስደስተኛል ብሎ አላሰበም ነበር። ሲከርምም ደስታው እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ አልቀመጥ አለው። ሰው "ልጁ እንዴት ነው?" ባለው ቁጥር ምላሱ ጫፍ ላይ ይደርስና ይውጠዋል።

ነሐሴ ገባ። ሚካኤል የሚባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማትርቀው አሌክሳንድሪያ የሚኖር ጎልማሳ በዩቱብ የስፖርት ፕሮግራም አለው። አንድ ቀን ደወለለት። "ጋሽ ፍቅረማርያም፣ የሲዝኑን ዋዜማ ውይይት ቅዳሜ ከሰዓት በላይቭ እናደርጋለን። ያለ እርስዎ እኮ አይደምቅም። የኪከራችን አባት ነዎት!"

ፍቅረማርያም ኮፍያውን ከመሳቢያ አወጣ። መዓዛ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች አየችው። "ምን ልትል ነው የምትሄደው?" አለችው። "ስለ ቡድኑ ነዋ" አላት።

ውይይቱ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ነው የተካሄደው፤ ሦስት ወንበር፣ ሁለት መብራት፣ አንድ ካሜራ። ሁለተኛዋ እንግዳ ነጃት ናት፤ ከዚያው ኮሌጅ የተመረቀች፣ አንድም ጨዋታ የማያመልጣት፣ ቁጥር እንደ ዳዊት የምትደግም ሴት።

"ስንት እናሸንፋለን?" ብሎ ጀመረ ሚካኤል።

"አሥር" አለ ፍቅረማርያም ያለ ማመንታት። "ኳሷን የሚያከፋፍለው ልጅ ኳርተርባኩ ተመልሷል። የመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ቀላል ናቸው። አሥር!"

ነጃት ፈገግ አለች። "ጋሼ፣ አፍዎን ይባርክልኝ። ግን ኳርተርባኩን የሚከላከሉለት ሦስት ሰዎች ተመርቀዋል። በእነሱ ምትክ የገቡት ገና ልጆች ናቸው። እኔ ሰባት ነው የምለው።" ከዚያ ድምፅዋን ለዘብ አደረገች። "ስለ ኪከሩም ዝም ብለን አናልፍም። ማቲያስ ባለፈው ሲዝን እስከ ጥቅምት ድረስ የሳተው አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት ሳተ። አንድ የሆነ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።"

ፍቅረማርያም ውኃ አነሳና ጠጣ። ሚካኤል የስልክ መስመር ከፈተ። የመጀመሪያው ደዋይ መልካም ምኞት ተናግሮ ዘጋ። ሁለተኛው ከሀያትስቪል ነው።

"አባቱ እዚያ ካሉ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ሰውየው፤ "ግን እውነቱን እንነጋገር። ምን የሆነ ነገር አለ ትላላችሁ? ልጁ ፈሪ ነው፣ አለቀ። ሰው ሲያየው እግሩ ይርዳል። አገር ሙሉ ሐበሻ አንገቱን ደፋ በእሱ። እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ከማሰለፍ ባዶ ሜዳ ማሳየት ይሻላል። ወንድ ልጅ ሲያድግ ገና በቤቱ ነው የሚታወቀው።"

ሚካኤል "ኧረ ቀስ በል ወንድሜ" አለ እንጂ መስመሩን አልዘጋም።

በፍቅረማርያም ዓይን የመጣው ልጁ አልነበረም፤ "አይዞህ" እያሉ የጨበጡት እጆች፣ ከኋላው የተሳደበው ሰው፣ ኪሱ የከተታት ኮፍያ ናቸው። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ሳበ።

"የእኔ ቤት ፈሪ አያበቅልም!" አለ። "የዳሌው ጅማት ተቀዶ ነው የተጫወተው፣ ሰማህ? ከጥቅምት ጀምሮ! ጥርሱን ነክሶ፣ ለአሠልጣኞቹ እንኳ ሳይናገር! አሁንም እያመመው ነው የሚሠለጥነው! አንተ ብትሆን ከአልጋህ ትነሳ ነበር?"

ነጃት ማይክሮፎኑን ልትይዝበት እጇን ዘርግታ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው። ሚካኤል ስልኩ ላይ የተመልካቹን ቁጥር አየ፤ ፊቱ ላይ የመጣውን ደስታ ሊደብቅ ጎንበስ አለ። ፍቅረማርያም ያን ጊዜ ነው ምን እንዳለ ለራሱ የተሰማው።

ካሜራው ሲጠፋ ሚካኤልን ለመነው። "ልጄ፣ እባክህ ያቺን ቁረጥልኝ። አጥፋልኝ።"

"ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ይኼ እኮ ልጁን ነው የሚጠቅመው። ሰው ሁሉ ያዝንለታል" አለ ሚካኤል። ነጃት ስትቆጣው ግን "እሺ፣ አጠፋዋለሁ" አለ። አጠፋውም። ግን ቀድሞ አንድ ሰው ቀድቶ፣ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከሥር ጽፎ፣ የቡድኑ ደጋፊዎች የሚሰበሰቡበት ገጽ ላይ ለጥፎታል።

ነጃት እስከ መኪናው ሸኘችው። "ልጁ እንደሚናገሩ ያውቃል፣ ጋሼ?" አለችው። ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።

ሰኞ ማቲያስ ለአባቱ አልደወለም። ለእናቱ ደወለ። መዓዛ ከሥራ ስትገባ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ መጥታ ባሏ ፊት ቆመች።

"ልጄ እንደሚያመው ታውቅ ነበር?"

"አስምሎኝ ነው።"

"ከእኔ ደበቅክ፤ ለዓለም ነገርክ" አለችውና ገብታ በሩን ዘጋች።

ሐሙስ ዕለት ፍቅረማርያም ሦስት ሰዓት ያህል በትራፊክ እየተንፏቀቀ ኮሌጁ ደረሰ። ማቲያስ ከስፖርት ቤቱ ጎን ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ወጥቶ አገኘው። ወደ ክፍሌ ና አላለውም። በክራንች ነበር የሚሄደው፤ የቡድኑ ሐኪሞች መርምረው በእግሩ እንዳይረግጥ ከልክለውታል። እስከ ገና አይጫወትም። በእሱ ቦታ ከኦሃዮ የመጣ የአሥራ ስምንት ዓመት አዲስ ልጅ ገብቷል።

"አሠልጣኙ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?" አለ ማቲያስ በእንግሊዝኛ። "'ራስህ መጥተህ ብትነግረኝ ኖሮ ቦታህን እጠብቅልህ ነበር። እኔ ከኢንተርኔት ነው የሰማሁት። ከእንግዲህ ደህና ነኝ ስትለኝ እንዴት ልመንህ?' ነው ያለኝ።"

"ማቲ፣ ላንተ ብዬ እኮ ነው። ፈሪ ሲሉህ ቁጭ ብዬ ልስማ?"

ልጁ አንድም ቀን ለአባቱ አድርጎት በማያውቀው መንገድ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ በአማርኛ ተናገረ።

"ከኅዳር ጀምሮ ፈሪ ይሉኛል። እኔ ችዬው ነበር። ያልቻልከው አንተ ነህ።"

ልጁ ክራንቹን አስተካክሎ ቀስ እያለ ወደ በሩ ሄደ። ፍቅረማርያም ቢሮጥ ደርሶ ይይዘው ነበር፤ ግን አልሮጠም።

ሲዝኑ ተጀመረ። የነጃት ሥጋትም የፍቅረማርያም ተስፋም ያልገመተው ሆነ፤ ጭልፊቶቹ የሚያቆማቸው ጠፋ። አራት ጨዋታ፣ አምስት ጨዋታ፣ ስድስት ጨዋታ አሸነፉ። የኦሃዮው ልጅ አንድም አልሳተም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ያ የለቅሶ ፊት ጠፍቶ ሰው ሁሉ "ጋሽ ፍቅሬ፣ ትንቢትዎ ደረሰ እኮ! ዘንድሮ የእኛ ነው!" ይለው ጀመር። "ማቲስ እንዴት ነው?" የሚሉት ከሄዱ በኋላ ዞር ብለው ነው። እሱም "ደህና ነው" ይላል። ደህና ይሁን አይሁን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከመዓዛ የስልክ ወሬ የሚተርፈውን ያህል ነው።

በጥቅምት አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ሰባተኛውን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያይ ነበር። መዓዛ ያን ቀን ሥራ አልነበራትም፤ ሶፋው ላይ ከእሱ ራቅ ብላ ልብስ ታጥፋለች። ጭልፊቶቹ በአንድ ነጥብ ተመርተው ጥቂት ሴኮንድ ቀረ። የኦሃዮው ልጅ ገባ። ርቀቱ ሠላሳ ስድስት ያርድ ነው ተባለ። ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ጎን ሄደ፤ ፊቱ ገና ጢም አላበቀለም።

"ሳት" አለ ፍቅረማርያም።

ሊለው አስቦ አልነበረም፤ ከሆዱ ተስፈንጥሮ ነው የወጣው። መዓዛ ከእጇ ያለውን ልብስ ያዝ አድርጋ አየችው።

ኳሷ መሐል ለመሐል ሰንጥቃ ገባች። ስታዲየሙ ተናጋ። ካሜራው ወደ ዳር ሲዞር፣ ከሁሉ ቀድሞ አንድ ረጅም ልጅ አረንጓዴ ጃኬት ለብሶ እያነከሰ ሲሮጥ ታየ። የኦሃዮውን ልጅ አንገቱን አቅፎ ከመሬት ሊያነሳው ይታገላል፤ አፉን ከፍቶ ይጮኻል፣ ይስቃል።

"አየኸው?" አለች መዓዛ። "ልጅህ እኮ እየሳቀ ነው።"

ፍቅረማርያም አይቶታል። ልጁ የምር ነበር የሚስቀው፤ ውስጥ ውስጡን የሚያር ሰው ሳቅ አልነበረም። አባት ነውና ይለየዋል። ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የመዓዛ ስልክ ጮኸ። "ማቲዬ!" ብላ አነሳችው። ስለ ጨዋታው ጠየቀችው፣ ሳቀች፣ እግሩን ጠየቀችው። ከዚያ ባሏን በጎን አየችውና፣ "አባትህ እዚሁ ነው፤ ላገናኝህ?" አለችው። ለትንሽ ጊዜ አዳመጠች። "እሺ" አለች፤ "እሺ የኔ ልጅ፣ ግድ የለም።" ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ከኋላዋ መለስ አደረገችው። ፍቅረማርያም ተቀምጦ በቀረው ክፍተት የሚመጣውን ድምፅ አዳመጠ፤ የልጁ ቃል አይለይም፤ እሷ ግን ደጋግማ ትስቃለች።