ክንዴ የመረጠው ማድፈጫ

በጥርባ ሐይቅ ዙሪያ አየነውን የሚስተካከል ቀስተኛ አልነበረም። ይህን የሚመሰክር አገሩ ነው። በጎልማሳነቱ ቆላ ወርዶ ሦስት ዓመት ሲነግድ አንድ የጉሙዝ አዳኝ ቤት ተጠግቶ ነበርና፣ ቀርከሃ ማጉበጡን፣ ጅማት መወጠሩን፣ ትንፋሽ ውጦ ፍላጻ መልቀቁን ከዚያ ተምሮ ተመለሰ። ደገኛው ሁሉ በጦር፣ የተረፈው በምንሽር ሲያድን እሱ ቀስቱን አንግቶ ወጣ። መጀመሪያ ሳቁበት። ሚዳቋውን በአንድ ፍላጻ ሲጥል ጊዜ ሳቁን ትተው ስሙን ያነሡ ጀመር።

አንድ ነገር ግን አገሩ አያውቅም ነበር። አየነው መውጋት እንጂ የት ሆኖ መጠበቅ እንዳለበት አያውቅም።

ይህን የሚያውቀው ጎረቤቱና የአደን ጓደኛው ክንዴ ነበር። በቀስት የሚያድን ሰው እንደ ባለ ጠመንጃ ከሩቅ አይጨርስም። አውሬው አሥር እርምጃ ድረስ እንዲመጣለት ያስፈልጋል፤ አሥር እርምጃ ላይ ደግሞ አውሬ የሰው ሽፋሽፍት ሲርገበገብ ያያል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው ማድፈጫው ላይ ነው። ክንዴ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በማግስቱ ይመጣና «ዛሬ ከብሳናዋ ሥር» ይላል፣ ወይም «ዛሬ ከድንጋዩ ወዲህ»። አየነው እዚያ ያደፍጣል፣ አውሬው ይመጣል፣ ፍላጻው ይሄዳል። ፉከራው የአየነው ነበር። ክንዴ ጺሙን እያሻሸ ይስቃል። ምን እንደሚያስቀው አየነው በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀውም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ሐምሌ ላይ የጎን ውጋት ክንዴን በአምስት ቀን ወሰደው።

አየነው ሚስቱን ከቀበረ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ልጅም አልነበረው። ክንዴ ከሞተ በኋላ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የሚያየው የሰው ምልክት አንድ ብቻ ሆነ፤ ከጉድባው ማዶ ከክንዴ ሚስት ከደጊቱ ጣራ ላይ የሚወጣው ጭስ። ጭሱን ሲያይ «ሰው አለ» ይላል። የዘገየ ቀን ቆሎውን በእጁ እንደ ጨበጠ ቆሞ ይጠብቃል። ብቸኝነቱ እንዲህ ያለ ነበር፣ የሌላ ሰው እሳት እስኪነድ ድረስ ቀኑ አይጀምርለትም። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የሚነግረውም ሰው አልነበረው።

ከመስቀል በኋላ ከደጊቱ ማሳ ውስጥ እሪያ ገባ። አንድ ሽማግሌ እሪያ ነው፣ ብቻውን የሚዞር፣ ጀርባው የሸበተ። ሌሊት ከሐይቁ ዳር ካለው ጫካ ይወጣና ድንቹን እየፈነቀለ አድሮ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። ሥጋው ለክርስቲያን አይሆን፣ ቆዳው ለምንም አይሆን፤ ጥፋት ብቻ። ደጊቱ በቀርከሃ አጠረች፣ አጥሩን ገለበጠው። ቆርቆሮ አንጠለጠለች፣ ለመደው።

የጥቅምት አቦ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አየነውን ከዋርካው ሥር ጠብቃ አናገረችው።

«አያ አየነው፣ ወንድሜ ዓለምነው ከዳንግላ መጥቶ ነበር» አለችው። «መሬቱን ለእኩል አራሽ ስጪና እኔ ዘንድ ግቢ ይለኛል። ድንቼ ከተረፈልኝ እምቢ እላለሁ። ካልተረፈልኝ ግን ምን በልቼ እቀመጣለሁ? ለኅዳር ሚካኤል ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል።»

አየነው ጭስ የማይወጣበት ጣራ ታየው። አፉ ግን ጀግና ነበር።

«እሱን ለእኔ ተይው» አላት።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ የአገሩን ሕግ ልንገራችሁ። ለአደን የወጣ ሰው ሴት አያናግርም። «ወዴት ነው?» ብላ ከጠየቀችው መሣሪያውን ሰቅሎ ይውላል። ያደፈጠበትን ስፍራ ለሴት መንገርማ አውሬውን መርቆ መሸኘት ነው። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ይላሉ፣ ያላወቁ ወንዶች። አየነው ይህን ሕግ እንደ ጾም ነበር የሚይዘው። ስለዚህ ወደ ማሳው ሲሄድ በደጊቱ ደጃፍ ማለፉን ትቶ በጓሮ በኩል፣ በጉድባው ውስጥ ለውስጥ መሄድ ጀመረ።

የመጀመሪያውን ማድፈጫ አጥሩ ከተቀደደበት ፊት ለፊት ሠራ። እርጥብ ቀርከሃ ቆርጦ እንደ ባለ ጉልላት ጎጆ አድርጎ አቆመው፤ ያየ ሁሉ ያደንቀው ነበር። እሪያውም ከሩቅ አደነቀው መሰለኝ፣ የተቆረጠውን ቀርከሃ ሽታ አሽትቶ በሌላ በኩል ገባ። ዘጠኝ ቀን በዚሁ አለቀ።

ሁለተኛውን ከማሳው በላይ፣ ከጉብታው ጫፍ ላይ አደረገው። ከዚያ ሁሉም ነገር ይታያል። እሱም ለሁሉም ይታያል፣ ይህን አላሰበም። ደግሞ የጥርባ ነፋስ የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት ብርዱ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ላይ ይመለሳል። ጎህ ሲቀድ የአየነው ሽታ ቁልቁል ወርዶ እሪያውን ማሳው መካከል አገኘው። እሪያው አንዴ አንኮራፋና ሄደ።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነበር። ቀጋው ጥቅጥቅ ካለበት ገብቶ ተሸጎጠ፤ ሰው ቀርቶ ወፍም አያየውም። እሪያው መጣ፣ ስድስት እርምጃ ላይ ቆመ። አየነው ቀስቱን ሊስብ ክንዱን ሲዘረጋ ጫፉ ቅርንጫፍ መታ፣ እሾኹ ጅማቱን ያዘው። ለመደበቅ ብቻ አስቦ ለመሳቢያ ቦታ አላስቀረም ነበር። እሪያው ሲሸሽ የረገጠው ጭቃ ፊቱ ላይ ተረጨ። አየነው እዚያው ቀጋው ውስጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ሃምሳ ዓመት የሆነው ሰው፣ ቀስተኛው አየነው። «ክንዴ፣ ምን ነበር የምታየው?» አለ።

ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ደጊቱ ጠላ በቅል ይዛ በጓሮ በኩል ወደ እሱ ስትመጣ አይቷት ነበር። ሕጉ ትዝ ብሎት እንዳላያት ሆነና ጉድባው ውስጥ ጠለቀ። ቀና ሲል ደጊቱ ቅሉን እንደ ያዘች ቆማለች። በሌሎችም ቀኖች ደጃፏ ላይ እያያት መንገድ ቀይሯል። ጥሩ አዳኝ መሆኑ ነበር።

ሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው ማሳው ግማሹ ተቆፍሮ አልቋል። በዚያ ምሽት አየነው ቀስቱን ቤቱ ሰቅሎ በፊት ለፊት በር ወደ ደጊቱ ሄደ። ምድጃው ዳር ቁጭ አለ። ቤቱ እንደ ወትሮው አልመሰለውም፤ አንድ ነገር የጎደለው ይመስላል፣ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። የመጣበት እፍረት ይበቃው ነበር።

«ደጊቱ፣ ዋሽቼሻለሁ» አላት። «እኔ መውጋት እንጂ መምረጥ አላውቅም። ማድፈጫውን ሁልጊዜ የሚመርጠው ክንዴ ነበር። እሱ ከሌለ እኔ ምንም አይደለሁም።»

ደጊቱ እሳቱን ቆሰቆሰች። ከዚያ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ተሰበረ።

«ክንዴ?» አለች። «ክንዴ መቼ ያውቅ ነበር? ውሃ የምቀዳው እኔ፣ እንጨት የምለቅመው እኔ፣ ሣር የማጭደው እኔ። የአውሬ መንገድ ከእኔ ወዲያ ማን ያያል? ማታ ማታ ‹የዛሬስ በየት በኩል አለፉ?› ይለኝ ነበር፣ እነግረዋለሁ። ‹አየነው ይህን ቢሰማ ቀስቱን ይሰብራል› እያለ ይስቅ ነበር።»

አየነው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ሳቅ ባንድ ጊዜ ገባው። ጆሮው ጋለ።

«እንግዲያ ንገሪኛ» አለ ቀስ ብሎ። «የት ልሁን?»

ደጊቱ ጠዋት ውሃ ስትወርድ እንዳየችው አድርጋ ነገረችው። «እርስዎ እሪያው ሲመጣ ነው የሚጠብቁት። ሲመጣ ርቦታል፣ የራበው ይጠራጠራል። ጠግቦ ሲመለስ ነው የሚዘነጋ። ከማሳው በታች፣ ወደ ሐይቁ ከሚወርደው መንገድ ዳር፣ የጥቁር እንጨት ግንድ አለ። ከግንዱ ኋላ አይሁኑ፤ ከፊቱ ሆነው ጀርባዎን ይስጡት፣ ጥላው ይውጥዎታል። ጠዋት ነፋሱ ከእሱ ወደ እርስዎ ነው የሚወርድ። ከፊትዎ ጥቂት ደረቅ ቅጠል ይበቃል። አዲስ ነገር አይቁረጡ።»

ተነሥታ ከከብቶቹ ጋጣ አንድ ያረጀ የሱፍ ባና አመጣች። የክንዴ ነበር።

«ይህን ይልበሱ፣ ከብት ከብት ይሸታል። ያ ጋቢዎ ጭስ ብቻ ነው» አለችው።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ አየነው ከጥቁር እንጨቱ ሥር ደረሰ። ከግንዱ ፊት መሬቱ ጎድጎድ ብሏል፤ ሰው ብዙ ጊዜ የተቀመጠበት ነው። ክንዴ ብቻውን እየመጣ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። አየነው እዚያው ውስጥ ገባ። ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ አልተነሣም። ባናው ውስጥ ሆኖ የጓደኛውን ላብ አሸተተና ዓይኑን ጨፈነ፤ ካንድ ሰው ጋር መሆን ምን እንደሚመስል ለአፍታ ትዝ አለው።

እሪያው ቁልቁል እያንጎራጎረ መጣ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ አፍንጫው ጭቃ ለብሶ። ዘጠኝ እርምጃ ላይ ጎኑን ሰጠ። አየነው ሳበ፣ የነካው ቅርንጫፍ የለም። ፍላጻው ከትከሻው ኋላ እስከ ላባው ጠለቀ። እሪያው ሠላሳ እርምጃ ሮጦ ቀጋው ላይ ወደቀ።

አየነው አልፎከረም። ቀስቱን እንኳ ሳያነሣ ዳገቱን ሮጦ ወጣ፣ በደጃፍ በኩል፣ እንደ ልጅ። «ደጊቱ! ወድቋል!» እያለ።

ደጃፉ ላይ ሁለት በቅሎዎች ቆመዋል። ዓለምነው፣ ወንድሟ፣ አቁማዳውን እየጠፈረ ነበር። ደጊቱ ነጠላዋን አደግድጋ ማሰሮ በእቅፏ ይዛ ወጣች። አየነው ያን ጊዜ ትናንት ማታ ቤቱ ውስጥ የጎደለውን አወቀ። ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ሁሉ ወርዶ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ አያ» አለችው። «ለእኩል አራሹ እንኳ ይተርፋል።»

«እሪያው እኮ ሞተ» አላት፣ ያልገባት መስሎት። «ድንቹ ተረፈ እኮ። ሚካኤል ነገ ነው።»

«ቃሌን ለወንድሜ የላክሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ጠላውን ይዤ ብመጣ ጉድባ ገቡብኝ። አራት ጊዜ ደጃፌን ሸሹ። ባሏ የሞተባት ሴት ከብዳቸዋለች አልኩ። እኔስ ምን ልበል?»

«ሕጉ እኮ ነው!» አለ አየነው። «የአደን ሕግ ነው! ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

ደጊቱ ማሰሮውን ለወንድሟ አቀበለችው።

«ትናንት እርስዎ የጠየቁኝ የእሪያውን ማድፈጫ ነው» አለች።

ከዚያ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ቆመች። ወንድሟ ጠፍሮ ጨርሷል፣ ጭጋጉም መነሣት ጀምሯል፣ እሷ ግን አልተፈናጠጠችም። ቆየች። አየነው አፉን ከፈተ። የልቡን ሁሉ ያውቀዋል፤ ጭሱን፣ ቆሎውን፣ የሚጠብቅበትን ጠዋት። ትንፋሹን ውጦ መያዝ ግን ዕድሜውን ሙሉ የተማረው ነገር ነበርና፣ አሁንም ያዘው።

«መንገዱን ያቅናልሽ» አላት በመጨረሻ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። አየነው በቅሎዎቹ ከዓይኑ ከተሰወሩ በኋላ እንኳ አልጮኸም።

ሚካኤል አልፎ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቀስቱን ሊያነሣ ከጥቁር እንጨቱ ሥር ተመለሰ። ቀስቱ ጤዛ ለብሶ እዚያው አለ። ጎድጓዳው ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ያን ዕለት ለእሪያው ብሎ ያላየውን ወዲያ ወዲህ ቃኘ። መንገዱ ከዚያ በግማሽ ነው የሚታይ። ሐይቁ አይታይም። ቀጥ ብሎ የሚታየው፣ ማሳውን ተሻግሮ፣ የደጊቱ ደጃፍና ጣራ ነው። ክንዴ ያይ የነበረው ይህን ነው።

አየነው ባናውን ተከናንቦ ጭሱ እስኪወጣ ጠበቀ። ፀሐይ ወጣች፣ ነፋሱም ወደ ላይ ዞረ።