ወንበር የነበረው በርሜል

ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳዬን የበላሁት የባለቤቴ በርሜል ላይ ተቀምጬ ነው። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ግን ታሪኩን ከሌላ ቦታ ብጀምረው ውሸት ይሆንብኛል።

በርሜሉ የድራፍት ቢራ መያዣ የነበረ ነው። ሃምሳ ሊትር ይይዛል፣ ስቴንለስ ነው፣ ጎኑ አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሏል። እኔ በያጅ ነኝ። የአንድ መጠጥ ማከፋፈያ የመጋዘን በር ስበይድ፣ አርጅተዋል ተብለው ከሥራ የወጡ በርሜሎች ግድግዳ ተደግፈው አየሁና ኃላፊውን አንዱን ስጠኝ አልኩት። ምን ሊያደርግልህ ነው ቢለኝ፣ ሚስቴ ቢራ ትጠምቅበታለች አልኩ። ሳቀና፣ እንግዲያው ሲደርስ እንዳትረሳኝ ብሎ ሰጠኝ። ሰውዬው ጡረታ ወጣ፣ መጋዘኑም ባለቤት ቀየረ፤ በርሜሉ ግን እኔ ሥር ቁጭ እንዳለ ነበር።

ባለቤቴ ቢራ የምትጠምቀው ለሽያጭ አልነበረም፤ ደስ ስለሚላት ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ብቅሉን ታፈላለች፣ ሆፕሱን፣ የፈረንጁን ጌሾ፣ ትጨምራለች፤ እኔ ከባዱን ድስት አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። ከዚያ ያለፈ ሥልጣን አልነበረኝም። እርሾዋን አሥራ ስምንት ዓመት ከአንዱ ጥምቅ ወደ ሌላው እያሻገረች፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ በማርማላታ ጠርሙስ ነው ያቆየችው። ስሟ «እሜቴ» ነበር። ማቀዝቀዣውን ድርግም አድርጌ ስዘጋ «ቀስ በል እንጂ፣ እሜቴ ተኝተዋል» ትለኛለች፤ በየሁለት ወሩ ደግሞ «እሜቴ ርቧቸዋል» ብላ ትነሳለች። ቢራዋ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ሙዝ የሚባል ነገር አልገባበትም፤ ሽታው የእሜቴ ነው። ሰኞ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ቤቱ ሁሉ ሙዝ ሙዝ ይል ነበር።

የምትጠምቅበት ዕቃ ነጭ የፕላስቲክ በርሜል ነው። ውስጡ በብሩሽ ብዛት ተጫጭሯል። ቆሻሻ እዚያ ጭረት ውስጥ ይደበቃል እያለች ሁልጊዜ ታማዋለች። ስለዚህ የድራፍቱን በርሜል ይዤ የመጣሁ ቀን ደስታዋ ወደር አልነበረውም። ከግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያውን አውርዳ፣ በጀርባው በእርሳስ ሣለችልኝ። አናቱ ይቆረጥ፣ እጇ እስከ ታች እንዲገባ። ሩቢኔቶው፣ የመቅጃ ቧንቧው፣ ከሥሩ ሁለት ጣት ከፍ ይበል፣ ቢራው ሲቀዳ ዝቃጩ አብሮ እንዳይወርድ። ውስጡ ላይ አንዲት ጭረት እንዳላይ ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ሥራው ለእኔ የሁለት ቀን ሥራ ነው። የሰው በር፣ የሰው አጥር፣ የሰው ደረጃ ስበይድ ነገ ዛሬ እያልኩ ከረምኩ። በርሜሉን የብየዳ ቤቴ በር ሥር አቆምኩት፤ ቁመቱ ለመቀመጫ ልክ ሆኖ ተገኘ። ምሳ ቋጥራ ስትመጣ እዚያው ላይ ተቀምጬ ታገኘኛለች። አልተቆጣችም። መቆጣቷ ይሻለኝ ነበር። «ወንበሬ አልደረሰም?» ትላለች፣ ትስቃለች፣ ሳህኑን ይዛ ትሄዳለች። ሆስፒታል ተኝታ ሳለችም ጠየቀችኝ። «ወንበሬስ?» አለች፣ ድምፅዋ እንደነገሩ ሆኖ። ሳምንት አይፈጅም አልኳት። እሷም ሳምንት አልቆየችም።

ስምንት ወር አለፈ። በርሜሉ ላይ መቀመጥ ተውኩ፤ ቆሜ መብላት ጀመርኩ። ልጃችን የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። ከእኛ ሁለት ሰፈር ርቃ ነው የምትኖረው፤ ከሥራ ስታርፍ እየመጣች ቤቱን ታስተካክልልኛለች። አንድ ቀን ማቀዝቀዣውን ስታጸዳ የማርማላታውን ጠርሙስ አንስታ ይጣል ወይ አለችኝ። ከእጇ ነጠቅኳት። ከሥሩ ግራጫ ዝቃጭ፣ ከላዩ ቡናማ ውሃ። እሷም ወዲያው ገባት፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ እማዬ በየሁለት ወሩ ነበር የምትመግባት። ስምንት ወር ሆነ እኮ። እስካሁን ካልሞተች፣ ልትሞት ነው።»

ልብሷ፣ ጫማዋ፣ ፎቶዋ ሁሉም አለ። ግን እነዚህ ዕቃ ናቸው። ከእሷ እጅ ወጥቶ እስከ ዛሬ የሚተነፍስ ነገር በዚያ ቤት ያቺ ጠርሙስ ብቻ ነበረች። በማግስቱ ደንበኞቼን ሁሉ ታመምኩ ብዬ መለስኳቸው። ብዙም አልዋሸሁ።

የቢራ በርሜል ሲቆረጥ መጀመሪያ ግፊቱ መውጣት አለበት። ይህን ሳያደርግ ግራይንደር የሚያሳርፍ ሰው ቀብሩን ነው የሚጠራው። አፉ ላይ ያለችውን ቫልቭ በጨርቅ ሸፈንኩና በካቻቢቴ ጫን አደረግኳት። ረጅም ፉጨት አሰማች። ያን ሁሉ ጊዜ ስቀመጥበት ከሥሬ የታፈነ አየር እንደነበረ አስቤው አላውቅም። ቀለበቷን አውጥቼ፣ እስከ ታች የሚወርደውን ቱቦ መዝዤ፣ አናቱ ላይ በክርና በጠመኔ ክብ ሠራሁ። ከዚያ ቆረጥኩ። ጠርዙን እጅ እንዳይቆርጥ አለዘብኩት፤ የተቆረጠውን ክብ ደግሞ እጀታ በይጄለት፣ ዙሪያውን ጎማ አልብሼው ክዳን አደረግኩት።

ሩቢኔቶው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሁለት ጣት ብላለች፤ ግን የማን ሁለት ጣት? የእኔ ሁለት ጣት የእሷ ሦስት ነው። ቤት ሄጄ ከመታጠቢያው ሥር የዕቃ ማጠቢያ ጓንቷን አመጣሁ። ጣቶቹ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ ሁለቱን በርሜሉ ላይ አጋድሜ ለካሁ። እጇን የያዝኩ መሰለኝ። ምልክት አደረግኩ፣ በትራፓኖ በሳሁ፣ የሩቢኔቶውን አንገት በየድኩ። ውስጡን አንድ ቀን ሙሉ ስፍቅ ዋልኩ። ብየዳው የት እንዳለ በጣት ብትፈልጉ አታገኙትም። በአሲድ አጸዳሁት፣ በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ የሚያየው ሰው ግን አልነበረም።

እሁድ ጠመቅኩ። የአጠማመቅ ማስታወሻ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ የብቅሉ ልክ አለ፣ የሆፕሱ ሰዓት አለ። እርሾውን በተመለከተ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፤ «ቀዝቅዞ እጅ ሲችለው፣ እሜቴ ይግቡ»። ልጄ በስልክ ግማሿን ብቻ አስገባና ግማሿን አስቀምጥ ብላኝ ነበር። እሺ አልኳት። የፈላውን ብቅል በርሜሉ ውስጥ ገልብጬ ጠበቅኩ፤ እጄን ነከርኩ፤ ቻለው። ትዕግሥት የሚባል ነገር ያኔ አልነበረኝም። ለማን ልቆጥብ ብዬ ጠርሙሱን እንዳለ ገለበጥኩት፤ በብቅሉ ውሃ አለቅልቄ የቀረችውንም ጨመርኩ። ክዳኑን ገጠምኩ። አየር እያስወጣ የማያስገባውን፣ ውሃ ያለበትን ትንሽ ቱቦ አናቱ ላይ ሰካሁ።

ሰኞ ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ ያሸተትኩት ቤቱን ነው። ምንም የለም። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ዝም ብሏል። ከእንቅልፏ እስክትነቃ ነው አልኩ። ማክሰኞም ዝም። ረቡዕ ጆሮዬን በርሜሉ ላይ ለጥፌ ቆሜ ሳለሁ ልጄ ከነዩኒፎርሟ ገባች። ክዳኑን ከፍታ አየች፣ አሸተተች። አልተበላሸም፤ በርሜሉ ንጹሕ ስለሆነ ጣፋጭ የብቅል ውሃ እንደሆነ ተቀምጧል። ስታስገባት ምን ያህል ሞቃት ነበር አለችኝ። እጄ ችሎታል አልኳት።

እጄን አንስታ፣ መዳፌን ወደ ላይ ገልብጣ አየችው። ሠላሳ ዓመት ብረት የነካ መዳፍ ነው። ከምድጃ ላይ ድስት ያለ ጨርቅ ባነሳሁ ቁጥር እናቷ «ይሄ እጅ ነው አካፋ?» ትለኝ ነበር። በምትጠምቅበት ቀን ወደ ድስቱ ከተጠጋሁ «እጅህን አንሳ» ትላለች። ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

«አባዬ፣» አለች ልጄ ቀስ ብላ፣ «ይሄ እጅ የማይችለው ምን አለ?»

ለሩቢኔቶው የእሷን ጣት ያሰብኩ ሰውዬ፣ ለሙቀቱ የእሷን እጅ ረሳሁ። ደብተሩ ላይ እጅ ብላ የጻፈችው የራሷን እጅ ነው፤ ሌላ እጅ እዚያ ይገባል ብላ አልጠበቀችም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት አስጠብቄያት፣ በመጨረሻ የቀረችውንም በገዛ እጄ ቀቀልኳት አልኩ። አለቀስኩ። በቀብሯ ቀን ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ጀርባዬን ስትደባብስ ቆየችና፣ ድንገት የድሮው የፕላስቲክ በርሜል የት ሄደ አለችኝ።

የድሮው በርሜል ከቤቱ ጀርባ ነበር። የመጨረሻው ቢራ ለሐዘን የመጡ ሰዎች ጠጥተው የጨረሱት ነው። በርሜሉን ያጠበው ሰው አልነበረም። ክዳኑን ገጥሜ ወደ ጓሮ ገፋሁት፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ዞር ብዬ ማየት አልሆነልኝም። ባለቤቴ ያልታጠበ ዕቃ እንዲህ መክረሙን ብታውቅ ኖሮ ለአንድ ወር አታናግረኝም ነበር። ልጄ ከፈተችው። ከሥሩ ዝቃጩ ደርቆ ልጣጭ ሆኗል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ያ የሚታማ ጭረት ሁሉ በግራጫ ዱቄት፣ በደረቀ እርሾ፣ ተሞልቷል።

ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ነገረችኝ። ምናልባት ሞቷል፣ ምናልባት በስብሶ ሌላ ነገር ሆኗል፤ ቢነሳም የእማዬ ላይሆን ይችላል አለች። የሻይ ማንኪያ በፈላ ውሃ ነክራ፣ ጭረቱን አንድ በአንድ ፋቀች። ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ እንደምትሠራ ያኔ ነው ያየሁት። ከድራፍቱ በርሜል ጥቂት የብቅል ውሃ ቀድታ እንደገና አፈላችው፣ አቀዘቀዘችው፣ የማርማላታውን ጠርሙስ ቀቅላ ሞላችበት። ከዚያ የእጇን አንጓ ውስጠኛውን ክፍል ጠርሙሱ ላይ አሳረፈች፤ የሕፃናት መታጠቢያ ውሃ የሚለካው እንደዚያ ነው። እኔም ሳላስበው ልነካ ጎንበስ አልኩ።

«እጅህን አንሳ» አለችኝ።

እጄን ሰበሰብኩ። ቃሉ የማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የፋቀችውን ጨመረችበት፣ አፉን በጨርቅ ሸፈነችው፣ ወጥ ቤት መስኮቱ ላይ አኖረችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሐሙስ ምንም። ዓርብ ከላዩ ሁለት ሦስት አረፋ አየሁና ራሴን አታልላለሁ ብዬ ተውኩት። ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ወጥ ቤት ገባሁ። ጨርቁ ወደ ላይ ተነፍቷል። አንስቼ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ሙዝ ነው። የበሰለ፣ ልጣጩ መጥቆር የጀመረ ሙዝ። ለልጄ ደወልኩና «ሙዝ» አልኳት፤ መጣሁ ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በርሜሉ ውስጥ ያለውን የብቅል ውሃ በሙሉ አውጥተን እንደገና አፈላነው። ድስቱን እኔ አነሳሁ፣ አወረድኩ፤ ወደ ድሮ ሥልጣኔ ተመለስኩ። ሲቀዘቅዝ አንጓዋን እያስነካች ሦስት ጊዜ ገና ነው አለችኝ፤ ሦስት ጊዜ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ የጠርሙሱን ግማሽ ጨመረች። ግማሹን ክዳን ገጥማ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

ልትሄድ ስትል የፕላስቲኩን በርሜል አሁን ልጠበው ወይ አለችኝ። ተይው፣ እንዳለ ይቀመጥ አልኳት። እናቷ ያን ሁሉ ዓመት የጠላችው ጭረት ነው እሷን ያቆየልኝ። እኔ ለፍቼ የሠራሁት በርሜል እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ ምንም የሚያስቀርበት ቦታ የለውም፤ ጎኑ የተወለወለ፣ ሩቢኔቶው ሁለት ጣት ከፍ ያለ፣ እሷ እንደሣለችው። እጇ ግን አንድም ቀን አልነካውም።

እሁድ ጠዋት ቀድሞኝ የነቃው ቤቱ ነው። ሽታው መኝታ ቤት ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። ተነስቼ እውነተኛ ወንበር ስቤ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጥኩ። ትንሿ ቱቦ ውስጥ ውሃው ብቅ ይላል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ብቅ ይላል። ከዚያ፣ ማንም ባይሰማኝም፣ ድምፄን አውጥቼ ተናገርኩ።

«ወንበርሽ ደርሷል» አልኳት።

ቱቦዋ ውስጥ ውሃው አንዴ ብቅ አለ። ሌላ ነገር ትለኝ እንደሆነ ብዬ ብዙ ቆየሁ።